ስለ ሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ማኅበርና ስለ ሎንዶን ከተማ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባለው፥ ገና ያልተደረገውን ነገር እንደ ተደረገ አድርጎ የሚተርከው የድርሰት ዐይነት፥ በሎንዶን ከተማ ሥር ሊሰድ የቻለው በደራሲዎቹ ብርታት ብቻ ነውን ወይስ በአንባቢዎቹ ኅብረት? ጥያቄው ከሐዋሳ የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ወደ ኋላ ሄደን ስንመለከተው የነገሩን አንዱን ጫፍ በአገራችን ታሪክ ውስጥ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. ያላልንበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1735 የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመ። ከ24 ዓመት በኋላም፥ እ.ኤ.አ. በ1759፥ ራሴላስ የተባለውን ልብ ወለድ በሎንዶን አወጣ። ጆንሰን አገራችንን በዐይኑ አላየም፤ ባለታሪኩን ግን የኢትዮጵያ መስፍን አደረገው። ስሙንም ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንደ ወሰደው ሊቃውንት ይገምታሉ።

በዚህ መጽሐፍ በስድስተኛው ምዕራፍ አንድ ብልኅ የእጅ ሠራተኛ ክንፍ ሠርቶ ለመብረር ይነሣል። አንድ ዓመት ሙሉ ይደክማል፤ ከከፍታ ላይም ዘልሎ ወዲያው ከሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። በአየር ያልረዱት ክንፎች በውሃው ላይ ደግፈው ስላቈዩት መስፍኑ ጎትቶ ያወጣዋል። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን ሠራተኛው ገና ሳይበር የተናገረው ነገር ነው። ክፉዎች በሰማይ መጥተው ደጎችን መውጋት ከቻሉ ግንብም ተራራም ባሕርም አያድንም በማለት፥ ጥበቡ ለሌላ ሰው እንዳይገለጥ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል።

ይህ ከተጻፈ ከ170 ዓመት በላይ ቈይቶ፥ በ1928 ዓ.ም.፥ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በሕዝባችን ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዘነቡ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ፥ በኦክስፎርድ የተማሩት ሲራክ ኅሩይ፥ መጽሐፉን ወደ አማርኛ መልሰው በ1939 ዓ.ም. በአሥመራ ባሳተሙ ጊዜ፥ ለሎንዶን አንባቢ ምሳሌ የነበረው ቃል ለኢትዮጵያዊው አንባቢ የተፈጸመ ነገር ሆኖ ነበር። ስለ ወደፊቱ ዘመን መጻፍ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህ አንድ ምዕራፍ መልስ ይሆነዋል።

አሁን ወደ አንባቢዎቹ ኅብረት እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔቶች በእንግሊዝ አገር በዎልዎርዝ መደብሮች በርካሽ ዋጋ ይሸጡ ነበር። መጽሔቶቹን የሚገዙት አብዛኛዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ በደብዳቤም መገናኘት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1937 ጥቂቶቹ በሊድስ ከተማ ጉባኤ አደረጉ። ብዙዎች ይህን ስብሰባ የዚህ ዐይነት ጉባኤ መጀመሪያ አድርገው ይቈጥሩታል። ከተሰብሳቢዎቹም አንዱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ መርማሪ የነበረው አርተር ክላርክ ነው። ክላርክ በሎንዶን፥ ግሬይስ ኢን በሚባለው መንገድ፥ ከዊሊያም ቴምፕልና ከሞሪስ ሃንሰን ጋር አንድ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሃንሰን ኖቬ ቴሬ የምትባል በስቴንስል የምትባዛ ትንሽ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ጆን ካርኔል ተረከባትና ስሟን ወደ እንግሊዝኛ ለውጦ አዲስ ዓለማት አላት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በፓሪስ ተምሮ ወደ አገሩ ስለ ተመለሰው ስለ ዐወቀ የጻፉትን መጽሐፍ አዲስ ዓለም ብለው በ1925 ዓ.ም. ማውጣታቸውን ስናስብ፥ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ዘመን ለአንድ ምኞት ተቀራራቢ ስም እንደ ሰጡት እናያለን።

ጦርነቱ ኅብረቱን በተነው። ሰላም ሲሆን ግን ወዳጆቹ ፌተር ሌን በሚባለው መንገድ ነጭ ፈረስ በሚሉት መጠጥ ቤት በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ይሰበሰቡ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1953 የመጠጥ ቤቱ አሳላፊ ግሎብ ወደ ተባለ ሌላ ቤት ሲዛወር እነርሱም ተከትለውት ሄዱ። ክላርክም ይህን ስብሰባ መነሻ አድርጎ የጻፋቸውን አጫጭር ታሪኮች እ.ኤ.አ. በ1957 አሳተመ። በዚያው ዓመት ከሰሜን አሜሪካ ውጭ የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ በሎንዶን ተደረገ። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1965 እና በ2014 እንደ ገና ወደዚያው ከተማ ተመልሷል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የመጽሔቲቱ ታሪክ ነው። አዲስ ዓለማት እ.ኤ.አ. በ1946 በአንድ አሳታሚ ድርጅት ታትማ ለሕዝብ መሸጥ ጀመረች፤ ሦስት ጊዜ ከወጣች በኋላ ግን ድርጅቱ ስለ ከሰረ ተቋረጠች። ወዳጆቹ ተቀምጠው አላለቀሱም። ገንዘብ አዋጥተው ኖቫ የተባለ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙና እ.ኤ.አ. በ1949 መጽሔቲቱን አስነሡ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደራሲዎች ሥራቸውን ያወጡት በአንባቢዎች መዋጮ በቆመች መጽሔት ነው።

የሐሳቡም ፍሬ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ክላርክ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1945 ዋየርለስ ዎርልድ በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፥ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከመሬት ጋር እኩል የሚዞሩ ሦስት ጣቢያዎች መላውን ዓለም በሬዲዮ ሊያገናኙ እንደሚችሉ አስረዳ። ዛሬ በሐዋሳ በየጣራው የተተከለው ዲሽ ወደ አንድ አቅጣጫ አንጋጦ ሳይንቀሳቀስ ሥዕልና ድምፅ የሚቀበለው፥ ሳተላይቱ በዚያ ከፍታ ስለሚዞር ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንረዳለን? በእኛ አስተያየት ሎንዶን ለዚህ ነገር የበቃችው ታላቅ ከተማ በመሆኗ ብቻ አይደለም። ቀኑ የታወቀ፥ ቤቱ የታወቀ፥ መዋጮው የታወቀ ስብሰባ ስለ ነበረ ነው። ይህ ሥርዐት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ የጽዋ ማኅበርም፥ ዕድርም፥ ዕቁብም የሚኖሩት በዚሁ ነው። ማኅበርተኛው ቀኑን ይጠብቃል፤ ቤት ቢለወጥ ተከትሎ ይሄዳል፤ የጐደለ ቢኖር ያዋጣል። ልዩነቱ የሎንዶን ወጣቶች ይህን ሥርዐት ለንባብና ለጽሑፍ ማዋላቸው ነው።

በአንጻሩ የኢትዮጵያን ምናብ የያዘ ሥራ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የታየው በውጭ አገር ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ነበር። ዓለም ከጠፋች በኋላ ስለሚሆነው ነገር የሚተርከውና ዳንኤል ታደሰ በዋና ተዋናይነት የሠራበት ክራምብስ የተባለው ፊልምም፥ በአገራችን ተቀርጾ፥ እ.ኤ.አ. በ2015 በመጀመሪያ የታየው በሮተርዳም ነው፤ አዘጋጁም ሚጌል ያንሶ የተባለ እስፓኛዊ ነው። ይህን የምንናገረው እንግዶችን ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን ስለ ነገ የሚያስብ ሕዝብ ሐሳቡን የሚያነብለት፥ የሚተችለትና የሚያሳትምለት ወገን ከአጠገቡ ሊያገኝ ይገባዋል።

ሐዋሳ በከተማነት ዕድሜዋ ገና ወጣት ናት፤ በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ዳር ተቈረቈረች፤ ዩኒቨርሲቲዋ በ1992 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳም በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ከሐይቅ ዳር ተነሥቶ እንዲህ ያደገ ከተማ ልጆች፥ ከ50 ዓመት በኋላ ሐይቁ፥ ዓሣው፥ ፋብሪካው ምን ይሆናል ብለው ቢጠይቁ አግባብ ነው። ለዚህ ሥራ መነሻ የሚሆነው ብዙ ሀብት አይደለም። ግሬይስ ኢን መንገድ ላይ የነበሩት ሦስት ተከራዮችና አንዲት በስቴንስል የምትባዛ መጽሔት ነበሩ። የጆንሰን ሠራተኛ ሐይቅ ውስጥ የወደቀው ብቻውን ስለ ሞከረ ነው አንልም፤ ጎትቶ የሚያወጣው ሰው እንዳገኘ ግን መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ያውቃል።