የሻንሲ ቀለም ታሪክ፤ ከሬንጅ እስከ ኢፖክሲ

ከተሽከርካሪ ክፍሎች ሁሉ ከባዱን ሸክም የሚችለው ከዓይን የተሰወረው ሻንሲ ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ባሌስትራው፣ እንዲሁም ሰውና ጭነት የሚቀመጥበት አካል ሁሉ የሚታሰሩት በእርሱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የመኪና ቀለም ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደሚያብረቀርቀው የውጭ ላሜራ ነው። የላሜራው ቀለም ቢገረጣ ውበት ይጎድላል፤ የሻንሲው ቀለም ቢከዳ ግን ብረቱ ከውስጥ ተበልቶ መኪናው በጉዞ ላይ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ አሮጌ መኪና በቤቱ ፈታትቶ የሚያድስ ሰው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ቀለም ብረትን የሚጠብቀው እንዴት ነው የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ተለውጧል። የለውጡም ምስክር በአሮጌው ሻንሲ ላይ ተደራርቦ ይገኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሠረገላ ሠሪዎች የተወረሰ ሙያ

ከመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች የብዙዎቹ ሻንሲ በብረት የተለበጠ እንጨት ነበር። በ1901 የወጣው የመርሴዲስ መኪና በመጫኛ ማሽን ቅርጽ የወጣለት የብረት ሻንሲ ይዞ ሲቀርብ ግን የወደፊቱ መንገድ ታወቀ። ብረቱ አዲስ ቢሆንም ቀቢዎቹ የቀድሞዎቹ የፈረስ ሠረገላ ሠሪዎች ነበሩ። ከተልባ ዘይትና ከዛፍ ሙጫ የተሠራውን ቫርኒሽ በብሩሽ እየቀቡ፣ አንዱ ንብር እስኪደርቅ እየጠበቁ፣ እየፈተጉም ሌላ ይደርቡበት ነበር። አንድ መኪና ቀለሙ እስኪያልቅ ሳምንታት ይወስድ ነበር።

ይህ ሙያ ለብዙ ምርት አልተመቸም። ፎርድ ኩባንያ ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ የሞዴል ቲ መኪናዎች ሲያመርት፣ ከ1914 እስከ 1925 ድረስ የውጭ ቀለማቸው ጥቁር ብቻ ነበር። የዚያ ጥቁር ቀለም ዋና መሠረት የሬንጅ ዘር የሆነ የተፈጥሮ ማዕድንና የተልባ ዘይት ነው። የመኪናው ክፍሎች ቀለሙ ውስጥ እየተነከሩ ወይም ቀለሙ እየፈሰሰባቸው ከቆዩ በኋላ ብዙዎቹ በምድጃ ይጋገሩ ነበር። ሬንጅ ውሃን ይመክታል፤ ርካሽም ነው። ብረቱ ላይ አጥብቆ ስለሚይዝም ሻንሲ በጥቁር ይቀባል የሚለው ልማድ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሥር ሰደደ። በ1923 ዱፖንት ኩባንያ ዱኮ የተባለውንና በሰዓታት የሚደርቀውን የናይትሮሴሉሎስ ቀለም ባወጣ ጊዜ የላሜራው ዓለም በልዩ ልዩ ቀለማት ደመቀ፤ ሻንሲው ግን በጥቁርነቱ ቀረ።

ቀይ ዱቄትና የዝገት ምስጢር

የድልድይና የመርከብ ሠሪዎች ልማድ ከዚህ የተለየ ነበር። ሚኒየም የሚባለውን ቀይ የእርሳስ ዱቄት በተልባ ዘይት ለውሰው ለብረቱ የመሠረት ቀለም ያደርጉት ነበር። በስኮትላንድ የሚገኘውና በ1890 የተመረቀው የፎርዝ የባቡር ድልድይ ለረጅም ዘመን በዚህ ዓይነት ቀለም ተጠብቋል። ሚኒየም የጭነት መኪናና የእርሻ መሣሪያ ሻንሲ ላይም ዋለ። በደንብ ያልጸዳ፣ ዝገት የቀረበት ብረት ላይ እንኳ መሥራቱ በተለይ አስወደደው። ምክንያቱን በትክክል የሚያውቅ ግን ለረጅም ጊዜ አልነበረም።

ምስጢሩ የተፈታው ዝገት ራሱ ሲታወቅ ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዩሊክ ኢቫንስ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ባደረጋቸው ምርምሮች ዝገት ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ባትሪዎች በብረቱ ገጽ ላይ የሚሠሩት ሥራ መሆኑን አስረዳ። በአንዱ ነጥብ ብረቱ ይሟሟል፤ በሌላው ነጥብ ኦክሲጅን ኤሌክትሮኑን ይቀበላል፤ በመካከላቸው ያለው እርጥበትም መንገድ ይሆናቸዋል። ከዚያ በኋላ ሜይን የተባለው ሊቅ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አንድ አስገራሚ ነገር ገለጸ። በተራው የቀለም ንጣፍ ውስጥ ሰርጎ የሚያልፈው ውሃና ኦክሲጅን፣ ያልተቀባ ብረት ሲዝግ ከሚፈጀው የሚያንስ አይደለም። ስለዚህ ቀለም የሚጠብቀው ውሃን ፈጽሞ በማገድ ነው የሚለው የቆየ እምነት ወደቀ። ጥሩ ቀለም የሚያግደው በኤሌክትሪክ የተሞሉትን የጨው ቅንጣቶች ጉዞ ነው፤ በዚህም የባትሪው መንገድ ይዘጋል። ሚኒየም ደግሞ ከተልባው ዘይት ጋር ተዋሕዶ የእርሳስ ሳሙና ይፈጥራል፤ ከዚያ የሚወጡት ውሁዶች የብረቱን ገጽ ሸፍነው እንዳይሟሟ ያደርጉታል።

የመሠረት ቀለምና የላይኛው ቀለም ሥራቸው የተለያየ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ፕራይመር የሚባለው የመሠረት ቀለም ብረቱን ይይዛል፤ ዝገቱንም በኬሚካል ይቃወማል። የላይኛው ቀለም ፀሐይን፣ ጠጠርንና ዘይትን ይመክታል። አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ከፎስፌት እስከ ጦርነቱ

ቀለም ያለ ጥሩ መያዣ አይጸናም። በ1906 ቶማስ ኮስሌት የተባለ እንግሊዛዊ ብረትን በፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ ቀቅሎ ገጹን ወደማይሟሟ ፎስፌት የሚለውጥ ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። በ1920ዎቹ መጨረሻ አሜሪካኖች ይህንኑ ዘዴ አፋጥነው ለቀለም መሠረት አደረጉት። በፎስፌቱ ጥቃቅን ክሪስታሎች መካከል ቀለሙ ሥር እንደሚሰድ ተክል ይጣበቃል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን አጣደፈው። አውሮፕላኖች በዚንክ ክሮሜት አረንጓዴ ቢጫ ፕራይመር ተቀቡ። ለባሕር ኃይል ደግሞ ፎስፎሪክ አሲድን፣ ሙጫንና ክሮሜትን በአንድነት የያዘ ስስ የማጠቢያ ፕራይመር ተፈለሰፈ። በስዊዘርላንድ ፒየር ካስታን፣ በአሜሪካ ሲልቫን ግሪንሊ ለየብቻቸው የደከሙበት የኢፖክሲ ሙጫም ከጦርነቱ በኋላ ለገበያ ቀረበ። ኢፖክሲ ሁለት ነገሮች ሲቀላቀሉ በኬሚካል ውሕደት የሚጠነክር ነው። በብረት ላይ በመጣበቅ ወደር አልተገኘለትም፤ በፀሐይ ግን ገጹ ይነጣል፣ ዱቄትም ይሆናል።

የተዘጋው ሣጥን

በሚያዝያ 1948 በአምስተርዳም ትርዒት ለሕዝብ የታየው ላንድሮቨር ለዚህ ታሪክ ዋና ምሳሌ ነው። በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር የመኪናው አካል ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ሻንሲው ግን አራት የብረት ጠፍጣፎች ጠርዝ ለጠርዝ ተበይደው የሚፈጥሩት ሣጥን ሆነ። ለሙከራ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ሻንሲያቸው እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነበር፤ ለሽያጭ በብዛት የተመረቱት ግን ቀለም ብቻ ተቀቡ። ውጤቱ ከዓመታት በኋላ ታየ። በኢትዮጵያ መንገዶችም ጭምር ለረጅም ዘመን ያገለገለው ይህ መኪና፣ የአሉሚኒየም አካሉ ደህና እንደሆነ ሻንሲው ከሣጥኑ ውስጥ ይበላ ጀመር። ጭቃና እርጥበት በቀዳዳዎቹ ይገባሉ፤ ወደ ውስጥ የሚደርስ ብሩሽ ግን የለም።

ብርድ ባለባቸው አገሮች ደግሞ ሌላ ጠላት መጣ። በአሜሪካ የኒው ሃምፕሸር ግዛት በ1940ዎቹ መጀመሪያ በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው መበተንን የዘወትር ሥራ አደረገች፤ ከጦርነቱም በኋላ በመላ አገሪቱ የሚበተነው ጨው በዓመት በሚሊዮን ቶን የሚቆጠር ሆነ። ጨው ለዝገቱ ባትሪ መንገዱን ያቀናል። ጠጠር የፈነቀለው ትንሽ የቀለም ቁራጭ በቂ ነው፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ ዝገቱ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ በቀለሙ ሥር ይስፋፋል። ዝገት ከተገኘበት ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝም ቀለሙን ከሥሩ ገፍቶ ያነሣዋል።

ፋብሪካዎች ለዚህ ያገኙት መልስ በኤሌክትሪክ መቀባት ነው። በፎርድ ኩባንያ ጆርጅ ብሩወር የመራው ቡድን በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ብረቱን በውሃ በተበረዘ ቀለም ገንዳ ውስጥ ነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል ቀለሙን ወደ ገጹ የሚስብ ዘዴ ለሥራ አበቃ። የተቀባው ቦታ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ቀለሙ ገና ወዳልተቀባው ስንጥቅ እየፈለገ ይሄዳል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ብረቱን አሉታዊ ምሰሶ የሚያደርገው የተሻለው ዘዴ ወደ መኪና ኢንዱስትሪ ገባ። ሆኖም ችግሩ ጨርሶ አልተወገደም። ቶዮታ በአሜሪካ የሸጣቸው የታኮማ፣ የተንድራና የሴኮያ መኪናዎች ሻንሲ ያለጊዜው ዝጓል በሚል በቀረበበት ክስ፣ በ2016 1.5 ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን የሚመለከትና እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ስምምነት ላይ ደርሷል። ሻንሲን በሚገባ ያለመጠበቅ ዋጋ በዚህ ይታወቃል።

የቤት አዳሹ ሥራ

በቤቱ ግቢ ሻንሲ የሚያድስ ሰው የኤሌክትሪክ ገንዳም ሆነ ምድጃ የለውም። ነገር ግን ፋብሪካው የሌለው አንድ ሀብት አለው፤ ይህም ጊዜ ነው። ሥራው በቅደም ተከተል ከተሠራ ውጤቱ ከፋብሪካው ላያንስ ይችላል።

መጀመሪያ ቅባቱ ይታጠባል። ሳይታጠብ ቢፈተግ ዘይቱ ከብረቱ ጭረት ውስጥ ይገባና ኋላ ቀለሙን ያስለቅቃል። ቀጥሎ ሻንሲው በመዶሻ ይፈተሻል፤ የሚደነቁር ድምፅ ያለው ቦታ የሳሳ ነውና ተቆርጦ በአዲስ ብረት ይበየዳል። ቀለም ገመና ሸፋኝ መሆን የለበትም። ከዚያ ብረቱ በአሸዋ ግፊት ወይም በብረት ብሩሽ ይጸዳል። በ1967 የወጣው የስዊድን ደረጃ የጽዳቱን መጠን በፎቶግራፍ ከፋፍሎ አሳይቶ ነበር፤ በ1988 ወደ ዓለም አቀፍ ደረጃነት ተሸጋግሯል። በዚህ ደረጃ ኤስ ኤ ሁለት ተኩል የሚባለው፣ ጥቂት የጥላ ምልክት ብቻ የሚቀርበት ጽዳት፣ ለኢፖክሲ ፕራይመር ተስማሚ ነው።

የጸዳ ብረት እርጥበት ባለበት አየር በጥቂት ሰዓታት ስለሚዝግ በዚያው ቀን ፕራይመር ሊቀባ ይገባል። የብረቱ ሙቀት አየሩ ጤዛ ከሚያወርድበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ አለበት፤ አለዚያ የማይታይ ውሃ ከቀለሙ ሥር ይቀራል። ቀለም እየደረቀ ሲሄድ ከስለታም ጠርዝ ይሸሻል፤ ስለዚህ ጠርዞች፣ የብሎን ቀዳዳዎችና የብየዳ መስመሮች አስቀድመው በብሩሽ ለብቻቸው ይቀባሉ። ሁለተኛው ንብርና የላይኛው ቀለም አምራቹ በወሰነው ጊዜ ውስጥ ይደረባሉ፤ ጊዜው ካለፈ ኢፖክሲው ስለሚጠነክር ሳይፈተግ አዲሱን ቀለም አይቀበልም። በመጨረሻም የሣጥኑ ውስጥ በረጅም ቱቦ በሚረጭ ሰም ይሸፈናል፤ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ግን ክፍት ይሁኑ። ሰሙ የሚረጨው ብየዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ አለዚያ በእሳት ይያያዛል።

ብረቱን ጠብቆ ሰውን የጎዳ

የዚህ ታሪክ ከባዱ ክፍል ብረትን አጥብቀው የጠበቁት ቀለሞች ሰውን መጉዳታቸው ነው። ሚኒየም የተቀባውን አሮጌ ሻንሲ በደረቁ የሚፈትግ ሰው የእርሳስ አቧራ ይተነፍሳል፤ በልብሱም ይዞት ወደ ቤት ይገባል። ለሕፃን አእምሮ እርሳስ በጥቂቱም ጎጂ ነው። ስድስት ኤሌክትሮን ያጣው የክሮሜት ክሮሚየም ካንሰር እንደሚያመጣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1990 አረጋግጧል። በኢትዮጵያም በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ዛሬ በብዙ ፕራይመሮች ውስጥ የእርሳስንና የክሮሜትን ቦታ ዚንክ ፎስፌት ይዟል። ይሁን እንጂ አሮጌው ሻንሲ አሮጌውን ቀለም እንደያዘ ነው። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በእርጥቡ ይፈተጋል ወይም በኬሚካል ይነሣል፤ ፍርፋሪው ተሰብስቦ ይታሰራል፤ ልጆችም ከሥራው ቦታ ይርቃሉ።

አዲሱም ቀለም ያለ አደጋ አይደለም። በ1937 ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ያገኙት ፖሊዩሬቴን ጠንካራና የሚያምር የላይኛ ቀለም ቢሰጥም፣ ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት ሲረጭ የሚፈጥረው ጉም ዕድሜ ልክ የማይለቅ አስም ሊያስከትል ይችላል። ሽታው በግልጽ ስለማይታወቅ ተራ ጭምብል ለዚህ አይበቃም፤ ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያቀርብ ጭምብል ያስፈልጋል። ይህ የሌለው ሰው በብሩሽ የሚቀባ የአልኪድ ጥቁር ቀለም ቢመርጥ አስተዋይነት ነው፤ ማንም ከሥር አጎንብሶ የሻንሲን ገጽ አንጸባራቂነት አይመዝንምና።

ለባለሙያው የሚቀረው አንድ ግዴታ አለ። ዛሬ ሻንሲውን የሚፈትግ ሰው ከእርሱ በፊት የነበረው ቀቢ ምን እንደተጠቀመ የሚያውቅበት መዝገብ የለውም፤ በጨለማ ውስጥ ይሠራል፣ አቧራውንም ይተነፍሳል። የፕራይመሩንና የላይኛውን ቀለም ዓይነት፣ የንብሩን ብዛትና የተቀባበትን ዓመት ጽፎ ከመኪናው ሰነድ ጋር ማኖር የአንድ ገጽ ሥራ ነው። ቀለሙ አርጅቶ እንደገና መፈተጉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ያች አንድ ገጽ የሌላውን ሰው ሳንባ ትጠብቃለች።