አሚቾ፣ ሪህና የጌዴኦ ማዕድ

በዲላ አጠገብ ባለችው ጪጩና በመላው ጌዴኦ እንሰትና ቡና በአንድ ጓሮ ይበቅላሉ። ይህ ጥምር እርሻ የሚታይበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከእንሰት ቆጮና ቡላ ይገኛል፤ ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ክፍል፣ አሚቾ፣ እንደ ድንች ተቀቅሎ ይበላል።

በደቡብ ኢትዮጵያ እንሰት አብቃዮች ዘንድ የተወሰኑ የእንሰት ዓይነቶች ለተሰበረ አጥንትና ለመገጣጠሚያ ሕመም ይመረጣሉ፤ ታማሚው አሚቾውን ብዙ ጊዜ ከወተት ጋር ይበላል። ብልህ ጥምረት ነው። እንሰት ካልሲየም ቢኖረውም ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ፣ ፕሮቲኑን የሚያሟላው አብሮ የሚበላው ወተት፣ አይብ ወይም ባቄላ ነው።

ሪህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በሰፈር ወሬ ቃሉ ማንኛውንም የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይጠቀልላል። ሐኪሞች ሪህ የሚሉት ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች ሲሠራ የሚመጣውን ሕመም ነው፤ ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ይጀምራል። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ቀይ ሥጋና ቢራ ያባብሱታል፤ ለጥሬ ሥጋ ወዳጆች መልካም ዜና አይደለም። የጌዴኦ መታወቂያ የሆነው ቡና በአንጻሩ፣ በሌሎች አገሮች በተደረጉ ትላልቅ ጥናቶች አዘውትረው በሚጠጡት ሰዎች ዘንድ ከሪህ መቀነስ ጋር ተያይዞ ታይቷል።