መጃጀት ዕድሜ ነው ወይስ ደዌ?

አንዲት አያት በእኩለ ሌሊት ተነሥተው ነጠላቸውን ይደርቡና፥ በገዛ ቤታቸው ሳሉ «ወደ ቤቴ ልሂድ፤ እናቴ ትጠብቀኛለች» ይላሉ። እናታቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል። አጠገባቸው የሚያድረው የልጅ ልጅ ደክሞታልና ይቆጣል። በማግሥቱ ጎረቤት «ጃጅተዋል» ይላል፤ ነገሩም በዚሁ ይዘጋል። ይህ ቃል ነገሩን በዕድሜ ያሳብባል እንጂ ደዌ መሆኑን አይናገርም። የሕክምና ሊቃውንትም ቢሆኑ ለረጅም ጊዜ ከዚህ የራቀ አስተሳሰብ አልነበራቸውም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 1901 ዓ.ም. ወይዘሮ አውጉስተ ዴተር የተባሉ የ51 ዓመት ሴት በጀርመን አገር በፍራንክፉርት ከተማ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገቡ። ዕቃ ይደብቁ፥ በቤታቸው ውስጥ መንገድ ይጠፋቸው፥ አንዳንድ ጊዜም የሚገድላቸው ሰው የመጣ መስሏቸው ይጮኹ ነበር። ዶክተር አሎይስ አልዛይመር አጠገባቸው ተቀምጠው የባላቸውን ስም ቢጠይቋቸው የራሳቸውን ስም መለሱ፤ አበባ ጎመንና የዓሣማ ሥጋ እየበሉም ስፒናች ነው አሉ። ሐኪሙ ሁሉንም በጥንቃቄ ጻፉት።

ወይዘሮዋ በአፕሪል 1906 ሲሞቱ አልዛይመር አንጎላቸውን በማይክሮስኮፕ መረመሩ። በሕዋሳት መካከል የተጠራቀመ ባዕድ ነገር፥ በሕዋሳቱም ውስጥ እንደ ክር የተጠላለፈ ጉዳት አዩ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 3 ቀን በቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ይህን ቢገልጹ፥ ጥያቄ ያቀረበ አልነበረም። በ1910 ግን ኤሚል ክሬፔሊን በመማሪያ መጽሐፋቸው ደዌውን በአልዛይመር ስም ጠሩት።

ይሁን እንጂ ስሙ የተሰጠው ሳያረጁ ለሚታመሙት ነበር። የሰማንያ ዓመት አያት ሲዘነጉ ግን እርጅና ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። በ1968 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ብሌስድ፥ ቶምሊንሰንና ሮት የተባሉ ሐኪሞች የሞቱ አረጋውያንን አንጎል መርምረው ያንኑ ምልክት አገኙ። በ1976 አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ካትዝማን የሁለቱ ደዌ አንድ መሆኑን ጽፈው አስረዱ። እንግዲህ ከቱቢንገኑ ንግግር አንሥቶ ሰባ ዓመት አለፈ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፤ መርሳት ሁሉ ከዚህ ደዌ አይመጣም፤ የአንጎል የደም ሥር ጉዳትም ያመጣዋል። ደዌውንም ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ነገር ግን ዕውቀቱ ለሌሊት ጠባቂ ይጠቅመዋል። ቀንና ሌሊትን የሚለየው የአንጎል ክፍል ስለሚጎዳ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ በሽተኛው ይታወካል። በክርክር ማስረዳትም አይቻልም፤ ክርክር የሚሻውን ትዝታ ደዌው ወስዶታልና። «እናትዎ ሞተዋል» የተባሉት አያት ኀዘኑን እንደ አዲስ ያዝናሉ።

ስለዚህ የልጅ ልጁ መብራት ያብራ፤ እጃቸውን ይያዝ፤ ስለ እናታቸውና ስለ ልጅነት ቤታቸው ይጠይቃቸው። ሲደክመውም ዘመድ ተራውን ይቀበለው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥት ያጣልና። አልዛይመር ማይክሮስኮፑን ከማንሣታቸው አስቀድሞ ከበሽተኛዋ አጠገብ ተቀምጠው አዳምጠዋል። ይህ ደግሞ በየቤታችን ሌሊቱን ከአያቱ ጋራ የሚያነጋ ሁሉ ሊያደርገው የሚችል ሥራ ነው።