ጉድጓዱን ያደረቀው ማን ነው?

የግቢ ጉድጓድ በአንድ ቀን አይደርቅም። መጀመሪያ ባልዲው ጎደል ብሎ ይወጣል። ቀጥሎ ገመዱ ያጥራል፣ ሁለት ክንድ ይቀጠልለታል። ከዚያ ጠዋት የተቀዳበት ጉድጓድ እንደገና እስኪያጠራቅም እስከ ማታ ይጠበቃል፤ የሚወጣውም የደፈረሰ ነው። አባወራው ቆፋሪ ጠርቶ ሁለት ሜትር ያስጨምራል። ውሃው ለጥቂት ወራት ይመለሳል። በሚቀጥለው በጋ ግን ያው ነገር ይደገማል፣ ያኔ የቀረው ምርጫ ሞተር መግዛት፣ ቦቴ መጥራት ወይም ጀሪካን ይዞ ሰው ደጅ መቆም ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ጉድጓዱ ለምን እንደደረቀ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ ዝናብ ጠፋ።

ዝናብ መጥፋቱ እውነት ነው። ሙሉው እውነት ግን አይደለም። የደረቁ ጉድጓዶችን ታሪክ ላገላበጠ ሰው፣ ከድርቁ ጎን ሁልጊዜ አንድ ሌላ ነገር ይገኛል፦ ከፍ ያለ አቅም ያለው፣ ጠልቆ የቆፈረ ጎረቤት። ይህን በፍርድ ቤት መዝገብ ጥርት አድርጎ ያስቀመጠልን የሩቅ አገር ጉዳይ ስላለ ከእሱ ልጀምር፤ ከዚያ ወደ ቦረናና ወደ ሐረርጌ እንመለሳለን።

እ.ኤ.አ. በ1901 ነው፤ ቦታው ዴኒሰን የምትባል የቴክሳስ ከተማ። ኢስት የሚባል ሰው ለቤቱ የሚቀዳበት ጉድጓድ አለው፦ 10 ሜትር ገደማ ጥልቀት፣ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት። እዚያው አቅራቢያ የባቡር ኩባንያ አለ። ለባቡሮቹና ለጥገና ጣቢያው ውሃ ፈለገና የራሱን ጉድጓድ ቆፈረ፤ 20 ሜትር ጥልቀት፣ 6 ሜትር ስፋት። በቀን የሚስበው 95 ሺህ ሊትር ያህል ነበር። በእኛ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስናሰላው በየቀኑ 4,750 ጀሪካን መሆኑ ነው። የኢስት ጉድጓድ ደረቀ።

ሰውዬው ከሰሰ። ጉዳት እንደደረሰበት ማንም አልካደም፤ ፍርድ ቤት ጉዳቱን 206 ዶላር ከ25 ሳንቲም ብሎ እስከመገመት ደርሷል። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1904 ለባቡር ኩባንያው ፈረደ። በራሱ መሬት ላይ የቆፈረ ሰው ያገኘውን ውሃ ሁሉ መውሰድ ይችላል፣ የጎረቤቱ ቢደርቅም ዕዳ የለበትም አለ።

ይህ ሐሳብ ቴክሳስ ላይ የተወለደ አይደለም። እንግሊዝ አገር ላንካሸር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1821 ለጥጥ ፋብሪካ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ በአቅራቢያው የድንጋይ ከሰል ማውጫ ተከፈተና ውሃው ሸሸ። እ.ኤ.አ. በ1843 የተሰጠው ፍርድም ያው ነበር፦ ጉዳት አለ፣ ጥፋተኛ የለም። ዳኞቹ ከደገፉባቸው ምክንያቶች አንዱን ልብ በሉት። የወንዝ ውሃ ይታያል፣ ማን ከየት እንደጠለፈው ይታወቃል፤ ከመሬት በታች ያለው ግን ስውር ስለሆነ በሕግ ልንከተለው አንችልም የሚል ነበር። ለዘመኑ ያን ያህል የሚያስወቅስ አይደለም። የሚያስገርመው ሌላ ነው፦ ይኸው ደንብ ሳይንሱ ከተለወጠ በኋላም ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1999 እዚያው ቴክሳስ፣ አንድ የውሃ ማሸጊያ ኩባንያ በቀን 340 ሺህ ሊትር ገደማ መሳብ ሲጀምር የቤታቸው ጉድጓድ የከዳቸው ሰዎች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰው ተሸንፈው ተመልሰዋል።

ከመሬት በታች የሚሆነው ነገር ዛሬ ምሥጢር አይደለም። ውሃው በአሸዋና በጠጠር መሃል ሰርጎ ይቀመጣል። አንድ ሞተር ሲስበው በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው የውሃ ወለል ወደ መሃል ይሰረጉዳል፤ የሞሰብ ክዳን ተገልብጦ ቢታይ ያንን ይመስላል። ሞተሩ በበረታ መጠን ክዳኑ እየሰፋ ይሄዳል። ጠርዙ ላይ የሚገኘው የጎረቤት ጉድጓድ ጥልቀቱ አጭር ከሆነ በቃ፣ አየር ላይ ቀረ ማለት ነው። ባለቤቱ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፤ ነገሩ ያለው ግን ሁለት መቶ ሜትር ወዲያ፣ አጥር ጀርባ ነው።

አሁን ወደ ቦረና። የቦረና ኤላዎች፣ በተለይ ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች፣ አንዳንዶቹ 30 ሜትር ያህል ይወርዳሉ። ዱብሉቅን የጎበኘ ሰው ያውቀዋል፦ ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃውን ያወጣሉ። ጎብኚዎች ፎቶ የሚያነሱት ይህንን ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ነገር ዘፈኑ አይደለም። ደንቡ ነው። ጉድጓዱን መጀመሪያ የቆፈረው ሰው ወራሽ ኮንፊ ይባላል፤ የቅድሚያ መብት አለው፣ ለሚጠጣ ሰው ውሃ መከልከል ግን አይችልም። የየዕለቱን ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ፤ የማን ከብት በስንተኛው ቀን እንደሚጠጣ እሱ ያስፈጽማል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ከብቱ ሁሉ ወደ ኩሬ ይሄድና ቱላው ይዘጋል፤ ያርፋል ማለት ነው። ጥልቁን ውሃ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ እንግዲህ ይህ ነው። ዳኞቹ ስውር ነው ብለው የተዉትን ውሃ፣ ማንም መሣሪያ ያልነበረው አርብቶ አደር በተራና በቀን ቆጥሮ አስተዳደረው።

ቦረናን ገነት አድርጌ እየሣልኩ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅት ሲከሽፍ ከብቱ አልቋል፤ ውሃ ብቻውን ግጦሽ አይሆንምና። ደግሞም ደንቡ የሚሠራው ሰው በእጁ እስከቀዳ ድረስ ነው። ሰንሰለት ሠርተው የቆሙ አሥር ሰዎች የሚያወጡት ውሃ በጉልበታቸው ልክ ነው፤ ሞተር ግን አይደክመውም።

ሞተር ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሐረማያ እንሂድ። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሐይቅ ነበረ። ድሮ ዓለማያ እንለው ነበር። ጥልቀቱ 10 ሜትር የማይሞላ፣ መውጫ ወንዝ የሌለው፣ ከዙሪያው ኮረብቶች የሚወርደውን የሚያጠራቅም ሐይቅ ነው። የሐረር ከተማ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለአርባ ዓመት ገደማ የጠጣችው ከዚህ ነው፤ አወዳይና ሐረማያ ከተማም እንዲሁ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ጠፋ። ጀልባ የቀዘፈበት ቦታ ላይ ከብት ተሰማራ።

ያኔም የተባለው ድርቅ ነው። በ1995 ዓ.ም. አገሪቱን የመታው ድርቅ ምሥራቅ ሐረርጌንም እንዳልማረ እውነት ነው። ግን እኮ ሐይቁ የ1977ቱን ድርቅ ሳይሞት አልፎታል። በሁለቱ ድርቆች መሃል ምን ተለወጠ? አንዱ ደለል ነው፤ ኮረብታው እስከ ጫፉ ታርሶ አፈሩ ወደ ሐይቁ ወረደ። ሌላው የከተሞቹ ማደግ ነው። ሦስተኛው ሞተርና ጫት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጫት በዝናብ ወራት ሁሉም ማሳ ላይ አለ፤ ዋጋው ይወርዳል። በበጋ ግን ለጋ ቅጠል ያለው ውሃ ያጠጣ ብቻ ነው፣ ያኔ አወዳይ ገበያ ላይ የሚከፈለው ሌላ ነው። ከአወዳይ የሚነሳው ጭነት ጅቡቲና ሶማሌላንድ ይደርሳል። ስለዚህ ዝናቡ በራቀ ቁጥር ሞተር ማስነሳት የበለጠ ያዋጣል። ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ይህ ይመስለኛል፦ ድርቅ ከላይ የሚገባውን ውሃ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፣ ከታች የሚሳበውንም ያበዛል። ሁለቱ የሚገናኙት ደግሞ በአንድ ወር፣ በአንድ ጉድጓድ ላይ ነው።

ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፣ እኔ ግን አልችልም። መሬቱ ቁራሽ ነው፤ በማሽላ ያንን ቤተሰብ ዓመቱን መመገብ አይቻልም። ሐይቁ ሲሸሽ ቦዩን እየቀጠለ ተከተለው፤ ሲደርቅ ደግሞ የሐይቁን ወለል ቆፈረ። በሐይቁ ወለል ላይና በዙሪያው ብዙ ጉድጓዶች በእጅ ተቆፈሩ። ከላይ ሆኖ የሚስብ ሞተር ደግሞ የራሱ ወሰን አለው። በባሕር ጠለል ላይ እንኳ ከ10 ሜትር በላይ ውሃ መሳብ በተፈጥሮ ሕግ አይችልም፤ በሐረማያ ከፍታ ወሰኑ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፣ በተግባር ደግሞ ከ6 ሜትር ብዙም አይዘልም። ውሃው ከዚያ በታች ሲወርድ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ መደብ አውጥቶ ሞተሩን እታች ያወርደዋል። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ እዚያ ሲታመቅ ሽታ የሌለው መርዝ ይሆናል፣ ሊፈታው የወረደ ሰው ላይወጣ ይችላል። ሞተር መግዛት ያልቻለው ጎረቤት ደግሞ በባልዲ የሚቀዳበት የግቢው ጉድጓድ በዚያው ወር ደርቆ ያገኘዋል። ዴኒሰን ላይ አንድ ባቡር ኩባንያ የሠራውን፣ እዚህ ብዙ ትንንሽ ባቡሮች ተካፍለው ሠሩት።

የሚያስቆጨው ሁሉ የሆነው በአገሪቱ አንጋፋ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ዓይን ሥር መሆኑ ነው። ተመራማሪዎች ዝም ብለው ነበር ማለት ግን ሐሰት ነው፤ ብሩክ ለማ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ሐረማያን ቢሾፍቱ አጠገብ ካለው ሆራ ቂሎሌ ጋር አነጻጽረው የሰው እጅ በሁለቱ ላይ ምን እንደሠራ አሳይተዋል። ጥናት ግን ሞተር አያጠፋም።

ሐረርስ? ሐረርም አባወራው የሚያደርገውን አደረገች፣ ገመዷን አስረዘመች። ድሬዳዋ በኩል ቆላው ላይ ካለው ሐሰሊሶ የከርሰ ምድር ውሃ ተቆፍሮ፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ሽቅብ እየተገፋ ተራራውን ወጣ። መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይቆማል።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ምክንያቱም እኛ የቴክሳስ ሕግ የለብንም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፣ ከመሬት በታች ያለውም ጭምር። ለቤት አገልግሎት የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ እንዳለውም ይደነግጋል። እንግዲህ የኢስት ክርክር እዚህ ቢነሳ፣ በወረቀት ደረጃ፣ አሸናፊው ኢስት ነበር። ይኸው አዋጅ ግን ፈቃድ የማያስፈልጋቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን ከነውሃው ነፃ ያደርጋል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ እናት ለልጆቿ ጉድጓድ ለማስቆፈር ቢሮ እንዳትመላለስ ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚለየው ጉድጓዱ በምን እንደተቆፈረ እንጂ ውሃው በምን እንደሚሳብ አይደለም። በአካፋና በዶማ የተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ሌትና ቀን የሚሠራ ሞተር ቢጫን፣ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ መሆኑ አይቀርም። ፈቃድ ከሌለ መዝገብ የለም። መዝገብ ከሌለ ባልዲው ባዶ የወጣለት ሰው ማንን፣ ስለ ስንት ሊትር ብሎ ይከሳል? የላንካሸር ዳኞች ውሃው ስለማይታይ ተዉት፤ እኛ ደግሞ ሳናየው በነፃ አሰናበትነው።

ማስተካከያው የሚከብድ አይመስለኝም። ነፃነቱ በባልዲ ለሚቀዳ ይቆይ፤ ሞተር የተጫነበት ጉድጓድ በቀበሌ ይመዝገብ፣ በበጋ ወራት ተራ ይውጣለት። ተራ ማውጣት ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአባ ሄሬጋ ጀምሮ እስከ ባህላዊ መስኖ የውሃ አባቶች ድረስ የምናውቀው ሥራ ነው። አስቸጋሪው ነገር ለሞተሩ ባለቤት ጫቱን ምን ይተካለታል የሚለው ነው፤ ይህ ካልተመለሰ ተራ አስከባሪው በመጀመሪያው በጋ ይሰደባል፣ በሁለተኛው ይሸሻል።

ሐረማያ ላይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው በከፊል ተመልሷል፤ ጀልባም ታይቷል፣ ወጣቶች ዳሩ ላይ ፎቶ ይነሳሉ። በዙሪያው ያሉ ጉድጓዶችም ከፍ ብለዋል፤ የሐይቁ ውሃ ወደ ጎን እየሰረገ ይመግባቸዋልና። ዳሩ ላይ ግን ቧንቧቸውን ወደ ውሃው የዘረጉ ሞተሮች አሉ፤ በቀን የሚስቡትን የሚመዘግብላቸው ቆጣሪ የላቸውም።