የአራዳው ጊዮርጊስና የቀጨኔ ባለእጆች

የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ በ1898 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1903 ዓ.ም. አለቀ። ከሠሪዎቹ አንዱ ሴባስቲያኖ ካስታኛ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ካስታኛ አድዋ ላይ የተማረከ ሰው ነበር። ታቦቱ አድዋ ዘምቷል ተብሎ ድሉ በስሙ የሚነገርለት ደብር ግንቡ የቆመው በምርኮኛ እጅ ነው። ከእርሱም ጋር ኦርፋኒዲስ የሚባል ግሪካዊ ነበረ።

ምኒልክ ባለሙያ ሲፈልጉ ሙያውን እንጂ ዘሩን አይጠይቁም ነበር። መሐንዲሱ አልፍሬድ ኢልግ ስዊስ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ቦያጂያን አርመን ነው። የመንገድ መዳመጫውን ያስመጣው ሰርኪስ ተርዚያንም አርመን ነው፤ መኪናው ራሱ ስሙ "የሰርኪስ ባቡር" ሆኖ ቀረ።

ይህ ሲወደስ ዝም ብለን የምናልፈው ሌላ ነገር ግን አለ። ከፒያሳ ሽቅብ ቀጨኔ ላይ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ነበሩ። የጠላ ቤቱ ጋን፣ የየቤቱ ምጣድ፣ የበዓሉ ኩታ የሚወጣው ከእነርሱ እጅ ነው። ሴቶቹ ጭቃውን ረግጠው፣ አለስልሰው፣ ቅርጽ ሰጥተው፣ ተኩሰው በጀርባቸው አዝለው ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ገዢው ጀበናውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ ከወደደው ይገዛል። ሠሪዋን ግን ቡዳ ናት ብሎ ልጁን ከዓይኗ ይሸሽጋል። ፈረንጅ ብረት ሲሠራ መሐንዲስ ተባለ፤ ያገሬው ሰው ብረት ሲቀጠቅጥ ጠይብ ተባለ።

ንጉሡ ይህን አላጡትም። በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው የሰደበ የሰደበው እኔን ነው አሉ፤ ከዚያ በኋላ ሲሳደብ የተገኘ ደግሞ አንድ ዓመት እንዲታሰር ቆረጡ። ለእኔ ከሰርኪስ ባቡርም ከግንቡም የሚበልጥብኝ ይህ አዋጅ ነው።

ከዚያ ፋሺስት መጣ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ካስታኛ የደከመበትን ቤተ ክርስቲያን ያገሩ ሰዎች ቤንዚን አርከፍክፈው እሳት ለቀቁበት። የአራዳን ገበያ አንስተው ወደ ምዕራብ ገፉት፤ ፒያሳ ለነጭ፣ መርካቶ ለጥቁር እንዲሆን። ሙያ አይደለም፣ የቆዳ ቀለም ነው የሰውን ቦታ የሚወስነው የሚል ሥርዓት በሕግ ተጽፎ አዲስ አበባን የገዛው ያኔ ነው።

ዛሬ የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ጥቁር ባለሙያ ለምን በብዛት አይቀጥሩም ብለን ስንቆጣ እውነት አለን። ግን ያንን ቁጣ ወደ ቤታችንም ብናመጣው ምን ነበረበት? የጣሊያን የዘር ሕግ ከጣሊያን ጋር በ1933 ዓ.ም. ወጥቶ ሄዷል። ቡዳና ጠይብ የሚለው ስድብ ግን አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም በቀጨኔ ልጆች ላይ ዛሬም ይወረወራል።