ደምን የማጥራት ሐሳብ፤ ከዋግምት እስከ ማጣሪያ መሣሪያ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው አንድ የቆየ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ክፉው ነገር ከደም ከወጣ በሽተኛው ይድናል የሚለው ነው። ዘመኖቹን የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዋግምት አጋሚው ቆዳውን በምላጭ ጫር ጫር ያደርግና ጫፉ የተበሳ ቀንድ ይደፋበታል፤ አየሩን በአፉ ስቦ ቀዳዳውን በሰም ይደፍናል። በሽተኛው የሚታገመው «መጥፎው ደም» እንዲወጣለት ነው። ነገር ግን ቀንዱ መጥፎውን ከመልካሙ አይለይም።

መለየት የጀመረው ዊለም ኮልፍ በ1943 ዓ.ም. ሆላንድ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች የሠራው ሰው ሠራሽ ኩላሊት ነው። ደም በሴሎፋን ቱቦ ሲያልፍ ቆሻሻው ወደ ውጭው ፈሳሽ ይሰርጋል፤ የደም ሕዋሳት ግን አያልፉም። በዛሬው መሣሪያ የአራት ሰዓት እጥበት 120 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ በ1970 ዓ.ም. ተሠርቶ ያለቀው የለገዳዲ ግድብም የዚህ ታሪክ ክፍል ሆኗል። ከዚያ ለአዲስ አበባ የሚላከው ውሃ ለጠጪው ደኅንነት ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ክሎሪን ግን ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚጎዳ ውሃው ለእጥበት እንደገና መጣራት አለበት።

ሴፕሲስ ሰውነት ተሕዋስያንን ሲዋጋ የራሱን ብልቶች የሚጎዳበት ሕመም ነው። ኩላሊት በዚህ ምክንያት ሲደክም እጥበት እንደሚያስፈልግ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሴፕሲስን ራሱን በማጣራት ማዳን ይቻላል ወይ የሚለው ነው። በጃፓን ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የባክቴሪያን መርዝ ከደም የሚይዝ፣ ፖሊሚክሲን ቢ ያለበት ማጣሪያ በሥራ ላይ ውሏል። ሆኖም በ2018 ዓ.ም. በታተመው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ ከ450 በሽተኞች መካከል በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ደማቸው ከተጣራው 37.7፣ ካልተጣራው 34.5 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚያልፍ ባይሆንም፣ የተጠበቀው ጥቅም አልታየም።

በአዲስ አበባም ለዚህ የቀረበ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ1996 ዓ.ም. ታትሟል። በቅማል የሚተላለፈውና የሚያገረሸው ትኩሳት የያዘው ሰው ፔኒሲሊን ሲወጋ ብርቱ መንቀጥቀጥ ይነሣበታል። ይህን ከሚያስነሡት የደም ንጥረ ነገሮች አንዱን የሚያግድ፣ ከበግ ደም የተሠራ መድኃኒት አስቀድሞ ተሰጠ። ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች 26ቱን፣ ከተሰጣቸው 20 ሰዎች ግን 10ሩን ብቻ መንቀጥቀጡ ያዛቸው። ሥቃዩ ቀለለ፤ ተሕዋስያኑን የገደለው ግን ፔኒሲሊኑ ነው።

እንግዲህ ከደም አንድ ነገር ማውጣት ወይም ማገድ በሽታን ከሥሩ መንቀል አይደለም። ገንዘቡና አልጋው ጥቂት በሆነበት አገር ይህን መዘንጋት ሕይወት ያስከፍላል። የሴፕሲስ በሽተኛ አስቀድሞ የሚሻው ፈጥኖ የሚሰጥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና የመግሉ መፍሰስ ነው። ዋግምትን ማስረጃ የጠየቅን እኛ፣ መሣሪያውንም ውድና አዲስ ስለሆነ ብቻ ከጥያቄው ነጻ ልናደርገው አይገባንም።