ከደብሩ ጽድ እስከ ችግኝ ጣቢያ

ለልጆች ስለ ደንና ስለ አፈር ማስተማር ከዘመናዊ ትምህርት ጋር የመጣ አዲስ ነገር ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ታሪኩን ለሚመረምር ግን ጉዳዩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመው ልጅ የተማረው በደብሩ ቅጥር፣ በጽድና በወይራ ጥላ ሥር ነበር። ከዚያ ዛፍ ቅርንጫፍ መቁረጥ ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአት መሆኑን ማንም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳይጽፍለት ያውቀዋል። በጣና ሐይቅ ዳር ያለው የዘጌ ምድር ደኑን ይዞ የቆየው በገዳማቱ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ በመሆኑና ነዋሪው በዛፍ ጥላ ሥር ቡና እያለማ በመተዳደሩ ነው። ክልከላው ከኑሮ ጋር ስለተሣሠረ ጸና። ሆኖም ይህን የአባቶች ፈለግ ያለ መጠን ማሞገስ አይገባም፤ የደብሩ ዛፍ ሲከበር ከቅጥሩ ውጭ ያለው ኮረብታ ይመነጠር ነበር። ያው የቆሎ ተማሪም ለየኔታ ማገዶ የሚለቅመው ከዚያው ከውጭው ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። ከማገዶ እጦት የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደረሰ። መዲናይቱን የታደጋት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ሕዝቡም ከዚህ አንድ ትምህርት ቀሰመ፤ ይኸውም ዛፍ እንደ ሰብል የሚተከል፣ የሚቆረጥና የሚሸጥ መሆኑን ነው።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ዘመቱ። የወሎ ረሀብ ገና ትኩስ ነበር፤ ከከተማ የወጣው ወጣት የተራቆተውን ተራራ በቅርብ አየ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በተለይም ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ፣ ገበሬው እርከን ሠራ፣ ኮረብታ ከለለ፣ ችግኝ ተከለ፤ ለድካሙም ብዙውን ጊዜ ስንዴና ዘይት ተሰፈረለት። የተሠራው ሥራ ታላቅ ነበር። ነገር ግን ዛፉ የማን እንደሆነ ለገበሬው በግልጽ የነገረው አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ በብዙ ሥፍራ ደኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ተጨፈጨፈ፤ ከጨፍጫፊዎቹም መካከል ራሳቸው የተከሉት ነበሩበት። ይህን ያየ ልጅ ከየትኛውም መጽሐፍ የበለጠ ተምሯል፤ የተማረው ግን ክፉ ትምህርት ነው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ የተባለ ትምህርት ገባ። ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የወንዙንና የዛፉን ስም በመጽሐፍ አገኘ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ተከላ ሲጀመርም ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ጉድጓድ ቆፍረዋል።

እዚህ ላይ መምህራን የሚያውቁትን አንድ ነገር ላንሣ። ችግኝ የሚተከለው በሐምሌ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነው። ልጁ በመስከረም ሲመለስ ዝናቡ ሊያባራ ጥቂት ይቀረዋል። አዝመራው ተሰብስቦ ከብቱ እንደ ልብ የሚለቀቀው፣ ችግኙም ውሃና አጥር የሚሻው ከዚያ ወዲያ፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ፣ መጽሐፉ በክፍል ውስጥ በሚነበብባቸው ወራት ነው።